ፓምፔ 9 ሜትር አቃተው፣ ባሕር ዛፉ ግን 25 ሜትር ያወጣል፤ እንዴት?

የሱሉልታው አባወራ
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ከልብ የሆነ ጥያቄ ይዤ መጣሁ።

የምኖረው ሱሉልታ ነው። ግቢዬ ውስጥ ጉድጓድ አስቆፈርኩ። ውሃው 9 ሜትር ላይ ተገኘ። ደስ አለን። ባለቤቴ ቡና አፈላች፣ ቆፋሪዎቹም መርቀውን ሄዱ። ከዚያ መሬት ላይ የሚቀመጥ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ገዛሁ። ቱቦውን አወረድን፣ ሞተሩን አስነሳን። ይጮኻል እንጂ አንድ ጠብታ የለም። የሸጠልኝ ሰው «ቱቦህ አየር ያስገባል» አለኝ። ቱቦ ቀየርኩ። ያው ነው። «ጉልበቱ አንሶ ነው» አለኝ። ከጎረቤት ትልቅ ፓምፕ ተውሼ ሞከርኩ። እሱም ያው።

ከጉድጓዱ ስድስት እርምጃ ራቅ ብሎ አባቴ የተከሉት ነጭ ባሕር ዛፍ አለ። 25 ሜትር ይሆናል። ጫፉ ላይ ያለው ቅጠል እንኳ ለምለም ነው። መብራት አይፈልግ፣ ድምፅ የለው። የ9 ዓመት ልጄ ይህን ሁሉ ስታይ ከርማ «አባዬ፣ የዛፉ ፓምፕ የት ነው?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። ደግሞ ጎረቤት «ውሃህን የሚጨርሰው እሱ ነው፣ ቁረጠው» ይለኛል። አባቴ የተከሉትን ዛፍ ሳይገባኝ መቁረጥ አልፈልግም።

የምታውቁ አስረዱኝ።

ጉድጓድ ሠሪ፣ ቡራዩ
ወንድሜ፣ ፓምፑ ጤነኛ ነው። አንተም አልተሳሳትክም። ሲሸጥልህ ጥልቀቱን መጠየቅ ነበረበት።

መሬት ላይ የሚቀመጥ ፓምፕ እኛ አካባቢ 6 ሜትር ካወጣ ጎበዝ ነው። 7 ላይ መተንፈስ ያቅተዋል። 9 ሜትር ግን የሚታሰብ አይደለም፤ የፈለገውን ያህል ትልቅ ሞተር ግዛ። ያንኑ ዓይነት ፓምፕ አዋሽ ሰባት ወስጄ ስገጥመው ግን ከዚህ በተሻለ ጥልቀት ይሠራል። ብዙ ዓመት አይቼዋለሁ። ለአንተ የሚሆንህ ውሃው ውስጥ ገብቶ ከታች ወደ ላይ የሚገፋው ሰብመርሲብል ነው።

ምክንያቱን ግን በቃል ላስረዳህ አልችልም። እጄ ነው የሚያውቀው።

መምህርት፣ ሰበታ
የቡራዩው ወንድማችን እጅ ትክክል ነው። ከአዋሽ ጋር ማነጻጸሩ ደግሞ ለእኔ ትልቅ ስጦታ ነው፤ ነገ ክፍል ውስጥ እጠቀምበታለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የላይ ፓምፕ ውሃ አይስብም። የሚያደርገው ቱቦው ውስጥ ያለውን አየር ማውጣት ብቻ ነው። ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው ጉድጓዱ ውስጥ በውሃው ፊት ላይ የተጫነው የከባቢ አየር ነው። ቶሪቼሊ በ1640ዎቹ ያሳየው ይህንን ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ባሕር ጠረፍ ላይ አየሩ ውሃን ሊገፋ የሚችለው እስከ 10.3 ሜትር ነው። ከዚያ በላይ ጉልበት የለውም። ሱሉልታ ግን 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ከላያችን ያለው አየር ያነሰ ነው፣ ክብደቱም ቀሏል። ስለዚህ ጣሪያው ወደ 7.5 ሜትር ይወርዳል። የቱቦ ሰበቃና ሌላውም ሲቀነስበት ያው የተባለው 6 ሜትር ላይ ይደርሳል። አዋሽ ሰባት ከባሕር ወለል 1,000 ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነች አየሩ እዚያ የበለጠ ይገፋል።

ዛፉ ግን የሚኖረው እዚያው አየር ውስጥ ነው። አየሩ ለፓምፑ 7.5 ሜትር ብቻ ከፈቀደ፣ ለዛፉ 25 ሜትር ማን ፈቀደለት? የልጅዎ ጥያቄ የሳይንስ ሰዎችን ለረጅም ጊዜ ያስጨነቀ ጥያቄ ነው። ይህንን ዓይነት ጥያቄ የሚጠይቀው የትምህርት ዘርፍ ባዮፊዚክስ ይባላል። ሕይወት ያለው ነገር ከድንጋይና ከብረት ጋር አንድ ዓይነት የተፈጥሮ ሕግ ነው የሚገዛው። በዚያ ሕግ ውስጥ ሆኖ እንዴት ይኖራል? ባዮፊዚክስ ይህንን በመለኪያና በቁጥር ይፈትሻል።

ምሳ ሰዓቴ አልቋል። ማታ እመለሳለሁ።

የሱሉልታው አባወራ
እግዜር ይስጥልኝ መምህርት። የፓምፑ ገባኝ። ሁለት ቱቦ በከንቱ መግዛቴ ቢያናድደኝም ገባኝ። ልጄ ማታን እየጠበቀች ነው።

መምህርት፣ ሰበታ
ተመለስኩ። ትንሽ ይረዝማል፤ ታገሡኝ።

መጀመሪያ ብዙ ሰው የሚሰጠውን መልስ ላንሳ። «ቀጭን ቱቦ ውስጥ ውሃ በራሱ ይወጣል፣ ኩራዝ ክሩን እንደሚያርሰው» ይባላል። እውነት ነው፣ ግን አይበቃም። በእንጨቱ ውስጥ ያሉት የውሃ ቱቦዎች ስፋታቸው አንድ አሥረኛ ሚሊሜትር ገደማ ነው ብንል፣ በዚህ መንገድ ውሃው የሚወጣው 30 ሴንቲሜትር ያህል ብቻ ነው። ከጉልበታችን በታች።

ሌላው ግምት «ሥሩ ይገፋዋል» የሚለው ነው። ሥር ይገፋል፤ ግን ግፊቱ ትንሽ ነው።

ዋናው ሥራ ያለው ጫፍ ላይ፣ ቅጠሉ ውስጥ ነው። የቅጠሉ ሕዋሳት ግድግዳ እርጥብ ነው። ግድግዳው ውስጥ እጅግ የጠበቡ ቀዳዳዎች አሉ፤ በናኖሜትር የሚለኩ። አንድ ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ፀሐይ ስትመታ ውሃው ከነዚህ ቀዳዳዎች ይተናል። ሲተን በየቀዳዳው ላይ ያለው የውሃ ፊት ወደ ውስጥ ይጎብጣል። የጎበጠ የውሃ ፊት ከኋላው ያለውን ውሃ ይጎትታል። ቀዳዳው በጠበበ ቁጥር ጉተታው ይበረታል። በ10 ናኖሜትር ጥበት ላይ ጉተታው ከመቶ የከባቢ አየር ግፊት በላይ ሊሸከም ይችላል። ለ25 ሜትር የሚያስፈልገው ከዚያ በጣም ያነሰ ነው።

አሁን ቁም ነገሩ ላይ ደረስን። የውሃ ሞለኪውሎች እርስ በርስ አጥብቀው ይያያዛሉ። ከቅጠሉ እስከ ሥሩ ያለው ውሃ አንድ የተወጠረ ገመድ ነው። አንዷ ከላይ ስትተን ቀጣይዋን ስባ ታስጠጋለች፣ እሷም ቀጣይዋን። ገመዱ እስከ ሥሩ፣ ከሥሩም እስከ አፈሩ ይሳባል። ፓምፕ አየር በማውጣት ዜሮ ግፊት ላይ ሲደርስ ይቆማል፤ ከባዶ በታች አየር ሊያወጣ አይችልም። ዛፉ ግን አየር የለውም፣ ያለው ውሃ ብቻ ነው። ስለዚህ ከዜሮ በታች ይወርዳል። በጠራራ ፀሐይ ባሕር ዛፍ ውስጥ ያለው ውጥረት ከ10 እስከ 20 የከባቢ አየር ግፊት ይደርሳል። የቤት መኪና ጎማ ውስጥ የሚሞላው 2 ተኩል ገደማ ነው። በግቢያችሁ ያለው ዛፍ በየቀኑ ከዚያ ብዙ እጥፍ ተወጥሮ ይውላል፤ ማንም አይሰማውም።

ይህንን ሐሳብ በ1894 ዲክሰን እና ጆሊ የሚባሉ ሁለት የደብሊን ሰዎች አቀረቡት። አጋጣሚው ይገርመኛል። ባሕር ዛፍ በአፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው በዚያው በ1890ዎቹ ነው። አዲስ አበባ ማገዶ ጨርሳ በተቸገረችበት ጊዜ ችግኙ መጣ፤ በዚያው ዘመን ሌላ አገር ዛፍ እንዴት እንደሚጠጣ መልስ ተገኘ።

ለልጅዎ አጭሩ መልስ ይህ ነው። የዛፉ ፓምፕ እያንዳንዱ ቅጠል ውስጥ ነው። ሞተሩ ፀሐይ ናት። ሌላም ንገሯት፤ ውሃው የሚያልፍባቸው ቱቦዎች የሞቱ ሕዋሳት ናቸው። ዛፉ አሳድጓቸው ሞተው ውስጣቸው ባዶ ሲሆን ነው ለውሃ መንገድ የሚሆኑት።

ውሃ ይጨርሳል ወይ ለሚለው፣ ባሕር ዛፍ ብዙ ውሃ የሚጠጣ ዛፍ መሆኑ እውነት ነው። የእርስዎን ጉድጓድ ግን ከዚህ ሆኜ መፍረድ አልችልም። ውሃው 9 ሜትር ላይ እያለ ፓምፑ አለመሳቡ ግን የዛፉ ጥፋት አይደለም።

ጉድጓድ ሠሪ፣ ቡራዩ
ሃያ ዓመት ሙሉ «ይስባል» ስል ኖሬ ዛሬ የሚገፋው አየር መሆኑን አወቅሁ። አመሰግናለሁ መምህርት።

አንድ ጥያቄ። በእኛ ሥራ ቱቦው ውስጥ አየር ከገባ ነገር ሁሉ አለቀ። ዛፉስ?

መምህርት፣ ሰበታ
በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው። ለዛፉም ትልቁ ጠላት እሱ ነው። ድርቅ ሲበረታ ገመዱ ይበጠሳል፣ ቱቦው ውስጥ የአየር አረፋ ይገባል፣ ያ ቱቦ ሥራ ያቆማል። ሲበጠስ ድምፅ አለው። ከ1960ዎቹ ጀምሮ ተመራማሪዎች በተክል ግንድ ላይ መሣሪያ ገጥመው ቅጭ ቅጭ የሚለውን ሰምተዋል። ዛፉ የሚተርፈው ቱቦዎቹ ብዙ ስለሆኑ ነው። ከአንዱ ቱቦ ወደ ሌላው የሚያሻግሩት በሮችም በጣም ጠባብ ወንፊት አላቸው፤ ውሃ ያሳልፋሉ፣ አረፋ ግን ያግዳሉ።

ጥያቄ አለኝ
ከልቤ ነው የምጽፈው፣ ለክርክር አይደለም። መምህርት የጻፉት ያምራል። ግን ይህ ባዮሎጂ አይደለም እንዴ? ለምን አዲስ ስም ይሰጠዋል? ደግሞ ሕይወት በቀመር የሚያልቅ አይመስለኝም። ዛፍ ዛፍ ነው፣ ሰውም ነፍስ አለው።

መምህርት፣ ሰበታ
የሚከበር ጥያቄ ነው። እኔም አማኝ ነኝ፤ ነፍስን በሚዛን እንለካ የሚል ሐሳብ የለኝም።

ግን አንድ ታሪክ ልንገርዎት። በ1830ዎቹ ዮሐንስ ሙለር የሚባሉ ታላቅ ጀርመናዊ የአካል ሊቅ የነርቭ መልእክት ፍጥነት መቼም አይለካም ብለው ነበር። እጅግ ፈጣን ነው፣ ምናልባትም ከቁስ በላይ የሆነ ነገር ነው ተብሎ ይታሰብ ነበር። ተማሪያቸው ሄልምሆልትዝ በ1850 ገደማ የእንቁራሪት ነርቭ ወስዶ ለካው። በሰከንድ 30 ሜትር ገደማ ሆነ። ከድምፅ ፍጥነት በጣም ያነሰ። የማይለካ የተባለው ነገር መንገድ ላይ ካለ መኪና ጋር የሚወዳደር ሆኖ ተገኘ። ያ ልኬት ነርቭን አላሳነሰውም። ይልቅ «ታዲያ ምንድነው የሚጓዘው?» የሚለው ጥያቄ እንዲከፈት አደረገ።

ባዮሎጂስቱ የዛፉን ክፍሎች፣ ዘሩን፣ ቤተሰቡን ያውቃል። ባዮፊዚክስ ደግሞ «ስንት ጉልበት? ከየት መጣ? የት ላይ ይበጠሳል?» ይላል። ሁለቱ አይጣሉም። በ1943 የፊዚክስ ሊቁ ሽሮዲንገር ደብሊን ላይ ስለ ሕይወት ተከታታይ ትምህርት ሰጥቶ ነበር። ጥያቄው ይህ ነበር፦ ሁሉም ነገር ወደ መበታተን በሚሄድበት ዓለም ሕይወት ያለው አካል ሥርዓቱን ጠብቆ የሚቆየው እንዴት ነው? ያንን ሰምተውና አንብተው ብዙ የፊዚክስ ሰዎች ወደ ሕዋስ ዞሩ።

ነርሷ፣ ለገጣፎ
እኔ በሥራዬ በኩል ልግባ። መምህርት «ምንድነው የሚጓዘው?» ብለው የተዉትን ነገር እኔ በየቀኑ በወረቀት ላይ አየዋለሁ።

ታማሚ ሲመጣ ደረቱ ላይ ገመድ ገጥመን ኢሲጂ እናነሳለን። ያ ወጣ ገባ መስመር የልብ ኤሌክትሪክ ነው። ቆዳ ላይ ሲደርስ አንድ ሚሊቮልት ገደማ ብቻ ነው። የባትሪ ድንጋይ 1,500 ሚሊቮልት ነው፤ አስቡት። በዚያች ሚጢጢ ነገር የልብን ሕመም እናውቃለን። የሠራው አይንትሆቨን በ1924 ኖቤል ተሸልሞበታል።

የኤሌክትሪኩ ምንጭ ደግሞ የሕዋሱ ሽፋን ነው። ከሽፋኑ ውስጥና ውጭ ሶዲየምና ፖታስየም በተለያየ መጠን ይቀመጣሉ፤ የሚፈጥሩት የኤሌክትሪክ ልዩነት ነርቭ ላይ 70 ሚሊቮልት አካባቢ ነው። ትንሽ ይመስላል አይደል? ሽፋኑ ግን 5 ናኖሜትር ያህል ብቻ ውፍረት አለው። ወደ ሜትር ሲሰላ 14 ሚሊዮን ቮልት ይሆናል። አየር በሜትር 3 ሚሊዮን ቮልት አካባቢ ላይ ብልጭታ ይፈጥራል። እያንዳንዱ የነርቭ ሕዋሳችን ከዚያ በላይ ተሸክሞ ዝም ብሎ ይኖራል። ይህን የተማርኩ ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

መልእክቱ እንዴት እንደሚጓዝ በሒሳብ ያስቀመጡት ሆጅኪን እና ሀክስሊ ናቸው፣ በ1952። የተጠቀሙት ስኩዊድ የተባለ የባሕር እንስሳ ነርቭ ነው፤ ውፍረቱ እስከ አንድ ሚሊሜትር ስለሚደርስ ሽቦ ማስገባት ይቻላል። ሀክስሊ ስሌቱን የሠራው በእጅ በሚዞር የሒሳብ ማሽን ነው።

ሌላም ልጨምር። ተማሪዎች «ደም ለምን ያስፈልጋል?» ሲሉኝ ይህን እነግራቸዋለሁ። ኦክስጅን ውሃ ውስጥ በራሱ ይሰራጫል። አንድ ሕዋስ የሚያህል ርቀት፣ የሚሊሜትር መቶኛ፣ ለመሄድ ከሰከንድ አርባኛ እጅ ገደማ ይበቃዋል። አንድ ሴንቲሜትር ግን 7 ሰዓት ይወስድበታል። አንድ ሜትር ወደ 8 ዓመት። ርቀቱ በአሥር ሲያድግ ጊዜው በመቶ ያድጋል። ስለዚህ ሕዋስ ትንሽ መሆን አለበት፣ ትልቅ አካል ደግሞ ልብና የደም ሥር ያስፈልገዋል። ከሳንባ እስከ እግር ጣት ያለ ደም እንጠብቅ ብንል ልጅ ተወልዶ ትምህርት ቤት ይገባል።

የጠዋት ሯጭ፣ ሰንዳፋ
እህቴ ስለ ኦክስጅን ካነሳሽ ልጠይቅ። በየጠዋቱ እዚህ እንሮጣለን። አሠልጣኛችን «እዚህ ከፍታ ላይ ኦክስጅኑ ከ21 በመቶ ወደ 15 ይወርዳል፣ ለዚያ ነው የምትጠነክሩት» ይለናል። ትክክል ነው?

ነርሷ፣ ለገጣፎ
አሠልጣኝህ ውጤቱን አውቋል፣ ምክንያቱን ግን ትንሽ ስቷል። መቶኛው አይቀየርም፤ ኤቨረስት ላይም 21 ነው። የሚቀንሰው ግፊቱ ነው። ሰንዳፋ ላይ ባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ይሆናል። የሱሉልታው ፓምፕ ያቃተው በዚሁ ምክንያት ነው፤ አየሩ የሚገፋበት ጉልበት አንሶ። ኦክስጅንም ከሳንባ ወደ ደም የሚገባው ተገፍቶ ነው።

እኛ ኢትዮጵያውያን ላይ የተጠና ደስ የሚል ነገር አለ። በ2002 የወጣ ጥናት 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን መረመረ። የአንዲስ ተራራ ሰዎች ደማቸው ውስጥ ሄሞግሎቢን (ኦክስጅን የሚሸከመው የደም ፕሮቲን) በዝቶ ይገኛል። የቲቤት ሰዎች ደማቸው የሚይዘው ኦክስጅን አነስ ይላል። የእኛዎቹ ግን በሁለቱም ልኬት ባሕር ጠረፍ ካሉ ሰዎች ጋር ተቀራራቢ ሆኑ። ለአንድ ችግር ሦስት ሕዝብ፣ ሦስት መልስ።

ሄሞግሎቢን ራሱ የባዮፊዚክስ ትልቅ ድል ነው። ማክስ ፔሩትዝ በ1937 ጀምሮ ቅርጹን በኤክስሬይ ሲያሳድድ 22 ዓመት ፈጀበት። አራት ክፍል አለው። አንዱ ኦክስጅን ሲይዝ ሌሎቹ መያዝ ይቀላቸዋል። ለዚህ ነው ሳንባ ላይ ቶሎ የሚሞላው፣ ጡንቻ ላይ ደግሞ ቶሎ የሚለቀው።

የጠዋት ሯጭ፣ ሰንዳፋ
ተባረኪ። ነገ ልምምድ ላይ በጥሩ አነጋገር አስረዳዋለሁ።

12ኛ ክፍል፣ ገላን
ቲቸር፣ እኔ ባዮሎጂ እወዳለሁ፣ ፊዚክስ ግን ያስፈራኛል። ይህን ካነበብኩ በኋላ ሁለቱንም ፈለግኩ። ባዮፊዚክስ የተማረ ሰው ምን ይሠራል? እኔ ልችለው እችላለሁ?

መምህርት፣ ሰበታ
ትችያለሽ ልጄ። ፍርሃትሽ ከፊዚክስ ሳይሆን ቀመሩ ከምን እንደመጣ ሳይነገርሽ ከመሸምደድ ይመስለኛል። አሁን «ግፊት» ስትባዪ ጉድጓዱን አስቢ።

ሥራው ብዙ ዓይነት ነው። አንዱ ለካንሰር ጨረር ሕክምና መጠኑን ያሰላል። አንዱ መድኃኒት የፕሮቲን ቅርጽ ላይ እንዴት እንደሚገጥም ያያል። አንዱ ደግሞ በብርሃን ነገር ይይዛል። አርተር አሽኪን በሌዘር ጨረር ጥቃቅን ነገሮችን እንደ ወረንጦ መያዝ እንደሚቻል አሳየ፣ 2018 ላይ ኖቤል አገኘ። በዚያ መሣሪያ ሕዋስ ውስጥ ጭነት የምትሸከም ኪኔሲን የተባለች ፕሮቲን ስትራመድ ተለክታለች። አንዷ እርምጃዋ 8 ናኖሜትር ነው። መርካቶ ያለ ተሸካሚ ጭነቱን ይዞ እንደሚሄድ እሷም በተዘረጋ መንገድ ላይ አንድ እግር ካንዱ እያስቀደመች ትሄዳለች።

ለአሁኑ ሒሳብሽን አጥብቂ። ዩኒቨርሲቲ ስትገቢ ከፊዚክስም ከባዮሎጂም መጀመር ይቻላል። ዋናው ሌላኛውን አለመተው ነው።

መጀመሪያ ግን በእጅሽ ሞክሪ። ጠዋት ላይ ቅጠል የበዛበት የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ የማይቀደድ ፌስታል አልብሰሽ አፉን በክር እሰሪው። ፀሐይ ይምታው። ማታ ፍቺው። የሱሉልታው ወንድማችንም ከልጅዎ ጋር ይሞክሩት።

የሱሉልታው አባወራ
ከአራት ቀን በኋላ ተመለስኩ።

ሰብመርሲብሉ ተገጠመ። የቡራዩው ወንድማችን ራሱ መጥቶ ነው የገጠመልኝ፤ የጉልበቱን እንኳ በግድ ነው የተቀበለኝ። ውሃው ሲንፏፏ ባለቤቴ እልል አለች።

ፌስታሉንም ሞከርን። ቅርንጫፉ ከክንዴ አይረዝምም። ማታ ስንፈታው ከታች ውሃ ተጠራቅሟል፣ ግማሽ የቡና ስኒ። ልጄ ስኒውን ይዛ ዛፉን ወደ ላይ እያየች ቆየች። ቅርንጫፎቹን መቁጠር ጀምራ ተወችው። ዛፉን አልቆርጥም፤ ለጎረቤቴም ነግሬዋለሁ።

አሁን ደግሞ ሌላ ጥያቄ አምጥታለች። «ፀሐይ ሞተሩ ከሆነች፣ ማታስ ዛፉ ይጠማል?»

መምህርት፣ ሰበታ
ማታ የቅጠሉ ፊት ላይ ያሉት መተንፈሻ ቀዳዳዎች (ቀደም ብዬ በናኖሜትር ከነገርኳችሁ የተለዩ ናቸው) በአብዛኛው ይዘጋሉ። መትነኑ ይቀንሳል፣ ገመዱም ይላላል። ሥሩ ግን አፈሩ ውስጥ ውሃ እስካለ ድረስ መውሰዱን አያቆምም፤ ቀን የጎደለውን ይሞላል። ስለዚህ ግንዱ ቀን ቀን በጥቂቱ ይቀጥናል፣ ሌሊት መልሶ ይወፍራል። ልዩነቱ ከሚሊሜትር ያንሳል። በዓይን አይታይም፣ በክርም አይለካም። የሚሊሜትር መቶኛ የሚያነብ መሣሪያ ይፈልጋል።

ጉድጓድ ሠሪ፣ ቡራዩ
የሞተር ዘንግ መጣመሙን የምለካበት እንደ ሰዓት ያለ መለኪያ አለኝ። መቶኛ ሚሊሜትር ያነባል። ማቆሚያውን መሬት ላይ በደንብ ካሰርነው ጫፉ ግንዱን ነክቶ ያድራል።

ቅዳሜ ማታ ይዤው እመጣለሁ። ልጅቷ 12 ሰዓት ላይ አንብባ ትጻፍ፣ እሁድ ጎህ ሲቀድ ደግማ ታንብብ።